እልልታው ለሽንት ነበር

የሚከተለው ደብዳቤ የደረሰኝ ከጅማ ነው። ጸሐፊዋን የሚያስለዩ ነገሮችን አውጥቼ አሳጥሬዋለሁ።

«ለተከበሩ ዶክተር፤ እንደምን ሰነበቱ? የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ለመሆን በመማር ላይ ያለሁ የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ነኝ። ተማሪ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ የኩላሊት ነገር ይስበኛል፤ ወደፊትም ኔፍሮሎጂ፣ የኩላሊት ሕክምናን፣ ለመማር አስብ ነበር። ይህን የነገርኳቸው ጓደኞቼ ግን ያዝኑልኛል። ‹ልብ ብታጠኚ ይሻልሻል፤ ካልሆነም ጨጓራና አንጀት። ቢያንስ በእጅሽ የምትሠሪው ነገር ይኖርሻል፣ ቤትም ትሠሪበታለሽ› ይሉኛል። ባለፈው ኅዳር አንድ የ23 ዓመት ወጣት አስተኛን። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ከሥራ ውጭ ሆነው ነበር። ደሙ በማሽን ለሚጣራበት እጥበት ቤተሰቡ በመጀመሪያው ወር በሬዎቹን፣ በሁለተኛው የቡና መሬቱን ሸጠ። በሦስተኛው ወር አባትየው ‹ከእንግዲህ ለታናናሾቹም ማሰብ አለብኝ› ብለው ወደ ቤት ወሰዱት። እናቱ ሲወጡ ግንባሬን ሳሙኝ። እኔ ምንም ያላደረግኩላቸው ሰው ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ያለውን በየሳምንቱ ማየት እችል እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ። አባቴ ደግሞ አጋሮ ውስጥ ቡና ነጋዴ ነው። ሐሳቤን ስነግረው ‹ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ኩላሊት ብቻ?› አለኝ። ምን ይመክሩኛል? ለአባቴስ ምን ልበለው?»

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። ወዲያው ያልመለስኩልሽ መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። «ግቢበት» ብዬ ለመጻፍ እጄ ስለቸኮለብኝ ነው፤ በችኮላ የተጻፈ ምክር የአንድን ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ሊወስን አይገባውም። ረጋ ብዬ ሳስበውም መልሴ አልተለወጠም። ግቢበት። ለምን እንደምልሽ ግን ክፉውንም ደጉንም ሳልደብቅ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ የሚመክርሽ ማን እንደሆነ እወቂ። እኔ የኩላሊት ሐኪም አይደለሁም። የኩላሊት ሐኪም መሆን የነበረብኝ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። እንዳንቺ ሬዚደንት በነበርኩበት ዘመን፣ ታማሚዎችን በየአልጋው እየዞርን በምናይበት በአንድ የጠዋት ራውንድ ላይ፣ ሰውነቱ አብጦ ስለተኛ አንድ ልጅ ጥያቄ ጠየቅኩ። ሽንቱ ለምን እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ እንደሚይዝ፣ ፕሮቲኑስ በየት በኩል እንደሚያመልጥ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ራውንዱን ይመሩ የነበሩት ሰው በተማሪዎችና በነርሶች ፊት «ኩላሊት የሚወድ ሐኪም ሬሳ የሚወድ ሐኪም ነው» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ግን ያን ጥያቄ ለማንም አላነሣሁም፤ ከዓመታት በኋላ የመማር ዕድሉ ደጄ ድረስ ሲመጣም አልተመዘገብኩም። ከዚያ ወዲህ የኩላሊት ታማሚ ፊት ለፊቴ በተቀመጠ ቁጥር፣ ይህን ሰው ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሐኪም ቢያየው ኖሮ እያልኩ ነው የማክመው። ስለዚህ የጓደኞችሽን አነጋገር እንደ ቀላል ነገር አላየውም። አንድ ሰው በአንድ ጠዋት የተናገራት ነገር የእኔን መንገድ ዘግታለች።

ወደ ወጣቱ ልመለስ። «ምንም ያላደረግኩላቸው» ብለሻል። እናትየው ግንባርሽን የሳሙሽ ስለ መድኃኒት አልነበረም፤ ልጃቸውን በስሙ የምትጠሪው፣ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለሽ የምታናግሪው አንቺ ስለነበርሽ ነው። ይህን የምነግርሽ ግን እንድትጽናኚና ነገሩን እንድትረሺው አይደለም። ያ ልጅ በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ምክንያት ወደ ቤቱ ሊመለስ አይገባውም ነበር። ቁጭቱ እንዲለቅሽ አልፈልግም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 (ከዚህ በታችም «ዓመተ ምሕረት» ያላልኩባቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በኔዘርላንድ ግሮኒንገን ከተማ፣ ቪለም ኮልፍ የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር። እንዳንቺ ገና በመማር ላይ ያለ። ከሚከታተላቸው ታማሚዎች አንዱ የ22 ዓመት የገበሬ ልጅ ነበር። ኩላሊቱ እየደከመ ሄዶ፣ እያስመለሰው፣ ዓይኑ እየፈዘዘ ሞተ። ለእናቱ ልጃቸው እንደማይተርፍ የነገራቸው ኮልፍ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ፣ በየቀኑ ደሙ ውስጥ የሚጠራቀመውን ዩሪያ የሚባል ቆሻሻ ማውጣት ቢቻል ይህ ልጅ ይኖር ነበር የሚለው ሐሳብ አልለቀው አለ። አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ በነበረችበት በ1943፣ ካምፐን በምትባል ትንሽ ከተማ ሆኖ፣ ቋሊማ የሚጠቀለልበትን ሴሎፎን በእንጨት ከበሮ ላይ ጠምጥሞ ሰው ሠራሽ ኩላሊት ሠራ። ከመጀመሪያዎቹ ታማሚዎቹ አብዛኞቹ ሞቱበት። አልተወውም። በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት ራሷን ከሳተችበት ነቃች። ዛሬ በየአገሩ ሰው የሚታጠብበት ማሽን ሁሉ ዘሩ ከዚያ ከበሮ ይመዘዛል።

ይህን የተረኩልሽ አንቺም ማሽን ፍጠሪ ልልሽ አይደለም። ይህ ሙያ የተጀመረው ልክ አንቺ አሁን በቆምሽበት ቦታ፣ በአንድ የገበሬ ልጅ አልጋ አጠገብ፣ በአንዲት እናት ፊት መሆኑን እንድታውቂ ነው። ያ ኅዳር ከኔፍሮሎጂ የሚያርቅሽ ምልክት መስሎሽ ከሆነ፣ እኔ ወደዚያው የሚጠራሽ ይመስለኛል።

ነገር ግን ማሽኑን ሙያው ሁሉ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ጓደኞችሽም፣ ያን ጠዋት የሳቁብኝም የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሬዚደንት ተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ውስጥ የሚያየው ነዶ ያለቀውን ቤት ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ይህ ሙያ አመድ መዛቅ ነው ብሎ ይደመድማል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባላችን ለኩላሊት የተነገረ ይመስለኛል። የዚያን ወጣት ቤተሰብ ብትጠይቂያቸው ኖሮ፣ ጠዋት ጠዋት ፊቱ ያብጥ እንደነበር፣ «ከእንቅልፍ ነው» ብለው እንዳለፉት ሳይነግሩሽ አይቀሩም ነበር፤ እኔ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ስጠይቅ ደጋግሜ የሰማሁት ይህንኑ ነው። ያኔ በአንድ ጤና ጣቢያ ሽንቱ ውስጥ አንዲት የመመርመሪያ ወረቀት ተነክራ ቢሆን፣ የደም ግፊቱም ተለክቶ ቢሆን፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሆነውን ኤናላፕሪልን በመሰለ ርካሽ ክኒን ብዙ ዓመታት ሊጨመሩለት ይችሉ ነበር። አሁን ደግሞ ለስኳር በሽታ ተብለው ከወጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ዳፓግሊፍሎዚን፣ ስኳር በሌለባቸው የኩላሊት ታማሚዎችም ዘንድ ድካሙን እንደሚያዘገይ በ2020 በወጣ ትልቅ ጥናት ታይቷል። እኔ ሬዚደንት ሳለሁ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያልም እንኳ አልነበረም። አንቺ የምትገቢበት ኔፍሮሎጂ እኔ የሸሸሁት ኔፍሮሎጂ አይደለም።

እዚህ ላይ የቋንቋችንን ነገር ላንሣ፤ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ስለሆነ። በአገራችን ወገቡን የያዘው ሰው ሁሉ «ኩላሊቴን አመመኝ» ይላል። ብርድ የመታው፣ ጆንያ ሲያነሣ ጡንቻው የተሸማቀቀበት፣ ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ ውሎ የገባው ሾፌር፣ የሁሉም ሕመም «ኩላሊት» ነው። እውነተኛው የኩላሊት ድካም ግን በአብዛኛው አያምም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ሰውየው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ገበያ ይውላል፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ክሪያቲኒኑ ግን በየወሩ አንድ እርከን ይወጣል። ስለዚህ ሕዝባችን ስሙን እየጠራ የሚፈራው በሽታ የለበትም፤ ያለበትን ደግሞ አያውቀውም። ይህን ሊያቃና የሚችል መሣሪያ የለም። የሚያቃናው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ በክሊኒክም በገበያ ቀንም ደጋግሞ የሚያስረዳ ሐኪም ነው።

ለዚህ ደግሞ ከጅማ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጎ ይዟል፤ ተማሪዎቹን ከግቢ አውጥቶ ከሕዝቡ ጋር ያውላል። አንቺም በተማሪነትሽ ደብተርና የግፊት መለኪያ ይዘሽ ቤት ለቤት ዞረሽ ከሆነ፣ ሳታውቂው ኔፍሮሎጂን ጀምረሽዋል። ከዚያ መለኪያ ጎን አንዲት የሽንት መመርመሪያ ወረቀት መጨመር ብቻ ነው የቀረሽ።

የችግሩን ስፋት በሁለት ቁጥር ላሳይሽ። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከአሥሩ አንዱ ገደማ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም አለበት። በዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን ለአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ የኩላሊት ሐኪም እንኳ አይደርስም። የዓለም የጤና ጉባኤ ስለ ኩላሊት ጤና ራሱን የቻለ የውሳኔ ሐሳብ ያጸደቀው ገና በ2025 ነው። እና ጓደኞችሽ «ሰው የማይገባበት ሙያ» ቢሉሽ እውነታቸውን ነው። እኔ ደግሞ ሰው ስላልገባበት ነው ግቢበት የምልሽ።

አሁን ስለሚድኑት ልንገርሽ፤ ስለ እነሱ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነውና።

ከብዙ ዓመታት በፊት ከደዶ በኩል አንዲት ወላድ በቃሬዛ መጣች። ስትወልድ ብዙ ደም ፈስሷታል፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን ሽንት የሚባል አልወጣትም። ፊቷና እግሯ አብጧል፣ ትንፋሿ አጥሯል። አብራኝ ተረኛ የነበረች አንዲት ሬዚደንት ከሽንት ቱቦዋ ከካቴተሩ ያገኘችውን ጥቂት ጠብታ ይዛ ወደ ላቦራቶሪ ሄደች። ለማንም አልተወችውም። ራሷ በማሽከርከሪያው አሽከርክራ፣ ዝቃጩን ራሷ መስታወት ላይ አድርጋ፣ ራሷ በማይክሮስኮፕ አይታ ተመለሰች። «ጭቃ የመሰለ ቡናማ ካስት ሞልቶበታል። ቱቦዎቹ ተጎድተዋል እንጂ አልሞቱም። ጊዜ ከሰጠናቸው ይመለሳሉ» አለችኝ። ካስት ማለት በኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ተቀርጾ ከሽንት ጋር የሚወጣ ዝቃጭ ነው። በዚያች ደቂቃ፣ ራውንድ ላይ የጠየቅኩት ጥያቄ ከዓመታት በኋላ ሲመለስልኝ ተሰማኝ።

ጊዜ ሰጠናቸው። የምትጠጣውን በብርጭቆ እየለካን፣ ፖታሲየሟ ሲወጣ ካልሲየሙንና ኢንሱሊኑን ከግሉኮስ ጋር እየሰጠን፣ ለጥቂት ቀናት ደግሞ በሆዷ በኩል ፈሳሽ እያስገባንና እያስወጣን አጠብናት። ይህኛው እጥበት ትልቅ ማሽን አይፈልግም፤ ንጽሕና፣ አንድ ቱቦና የማይሰለች ሰው ይፈልጋል። የሆድ ዕቃው ስስ ሽፋን ራሱ ማጣሪያ ይሆናል። በአሥራ አንደኛው ቀን ንጋት ላይ ነርሷ የሽንት ከረጢቱን ከፍ አድርጋ ይዛ መጣች። አራት መቶ ሚሊ ሊትር። አማትየው ከወለሉ ላይ ተነሥተው «ምንድን ነው?» አሉ። «ሽንት መጣ!» አለቻቸው። ሴትየዋ እልልታቸውን ለቀቁት፤ አጠገባቸው የተኙት ሴቶችም የዳነችው ማን፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተቀበሏቸው። በማግስቱ ሁለት ሊትር ሸናች። ልጇን ታቅፋ፣ በእግሯ ወጣች።

እስቲ ንገሪኝ፣ ሽንት እልል የሚያሰኝበት ሌላ ሙያ የት አለ?

በአንቺ አካባቢ እንዲህ ያሉ ታማሚዎች ብዙ ናቸው። ዝናቡ አባርቶ በግቤ ዙሪያ ወባ ሲነሣ ሽንታቸው እንደ ቡና ጠቁሮ የሚመጡ አሉ። በተቅማጥ ውሃቸው ያለቀ፣ ከወሊድ ጋር በተያያዘ የደም ግፊት የተጎዱ፣ ቁስል መርዝ ሆኖ ደማቸው ውስጥ የገባ፣ ለወገብ ሕመም የገዙትን ክኒን ለወራት የዋጡ አሉ። ዓለም አቀፉ የኔፍሮሎጂ ማኅበር በ2013 ማንም ሰው በ2025 ሊከላከሉት በሚችሉት ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት እንዳይሞት ብሎ ዘመቻ የጀመረው እነዚህን አስቦ ነው። ዓመቱ ደርሶ አለፈ፤ ሰዎቹ ግን አሁንም እየመጡ ነው። ወጣቶች ናቸው፤ ኩላሊታቸው ሊመለስ የሚችል ነው፤ የሚሞቱት በአብዛኛው አንድ ሰው ቀደም ብሎ ስላላየ ነው። ከእነዚህ አንዱን ማዳን የ50 ዓመት ዕድሜ መስጠት ማለት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምጠይቅሽ አንድ ነገር፦ ሽንት ማየት ተማሪ። የላቦራቶሪ ወረቀት ማንበብን ማለቴ አይደለም። የዛሬው ሬዚደንት ሽንትን በቁጥርና በመደመር ምልክት ያውቀዋል፤ በዓይኑ ግን አላየውም። በሳምንት አንድ ከሰዓት መድቢ። ትኩስ ሽንት፣ ማሽከርከሪያ፣ አንድ መስታወት፣ ሆስፒታሉ ያለው ማይክሮስኮፕ፤ ሌላ ምንም አያስፈልግሽም። ቀይ የደም ሕዋስ ካስት ያየሽ ቀን፣ ማለትም በአንዲት ቀጭን ቱቦ ውስጥ ደም ረግቶ፣ የቱቦዋን ቅርጽ ይዞ ሲወጣ ያየሽ ቀን፣ ማጣሪያው ራሱ መቁሰሉን ከኩላሊቱ ናሙና ሳይወሰድ፣ ያለ ባዮፕሲ፣ ታውቂያለሽ። ያኔ ይህ ሥራ የአንቺ መሆን አለመሆኑን ማንም ሳይነግርሽ ይገባሻል። ልብሽ ካልመታ እኔም ቃሌን አነሣለሁ፤ ሌላ ሙያ ያዢ፣ ማንም አይወቅስሽም።

ማሰብ የምትወጂ መሆንሽን ከደብዳቤሽ አይቻለሁ። እንግዲያው ይህን ደግሞ ስሚ። የኩላሊትን አቅም ከክሪያቲኒን የምናሰላበት ቀመር ለብዙ ዓመታት ታማሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን ከፍ የሚያደርግ ማባዣ ነበረው። ማባዣው የወጣው አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩ ጥናቶች ነው። የጅማ ገበሬ ኩላሊት በዚያ ቀመር ሲሰላ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ሊታይ ይችል ነበር። በ2021 ያለ ማባዣው የሚሠራ አዲስ ቀመር ወጣ። ሌላም አለ። በ2010 አፖል አንድ በሚባል ጂን ላይ ያሉ ሁለት ለውጦች ተገኙ፤ በዝንብ ንክሻ ከሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ ተከላካይ ሆነው በምዕራብ አፍሪካ የተስፋፉ፣ ነገር ግን ኩላሊትን ለጉዳት የሚያጋልጡ ናቸው። በቀጣዩ ዓመት ተመራማሪዎች በትውልደ ኢትዮጵያውያን ላይ ፈትሸው ለውጦቹን አጧቸው፤ ኤች አይ ቪ በሌሎች ላይ የሚያመጣው የኩላሊት በሽታ በእነዚያ ታማሚዎች ላይ ያልታየውም በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም አሉ። ታዲያ ያንን ወጣት በ23 ዓመቱ የጎዳው ምን ነበር? «ጥቁር ስለሆነ» የሚለው መልስ አይሠራም። መልሱን ሌላ አገር ያለ ሰው ሊያገኝልን አይችልም፤ ታማሚዎቹ ያሉት አንቺ ዘንድ ነው።

ስለ ገንዘብም ጠይቀሻል ባይባልም ጓደኞችሽ ጠይቀውልሻል። በአጭሩ፦ ኢንዶስኮፒና የልብ አልትራሳውንድ የያዘ ሐኪም በግል ክሊኒክ ቶሎ ያገኛል፤ የኩላሊት ሐኪም በዚያ ፍጥነት አያገኝም። በሌላ በኩል የእጥበት ማዕከላት በየከተማው እየተከፈቱ ነው፤ የሚመራቸው ሰው ይፈልጋሉ። የእጥበት ካቴተር ማስገባት፣ ባዮፕሲ መውሰድም የእጅ ሥራ ነው። አትራቢም። ቤቱ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል።

ኀዘኑን ግን በአጭሩ ላልፈው አልችልም። ይህ ሙያ ታማሚን ለዓመታት ያስተዋውቅሻል። ሠርጋቸውን ትሰሚያለሽ፣ የልጃቸውን ስም ታውቂያለሽ። ከእነሱም መካከል አንዳንዶቹ በገንዘብ ማጣት ብቻ ይሞታሉ። በሙሉ ልኩ በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ ያለበት ሰው ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ መቅረት ይጀምራል። ይህን ማየት የማይከብደው ሐኪም እንድትሆኚ አልፈልግም። የምመክርሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የእጥበትን ነገር ለቤተሰብ በሬው ከመሸጡ በፊት በግልጽ ንገሪ። ምን ያህል እንደሚያስፈልግ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ያለ ንቅለ ተከላ መጨረሻው ምን እንደሆነ። ብዙዎቻችን ይህን ስለምንፈራ «ጀምሩና እናያለን» እንላለን፤ ቤተሰቡ ጥሪቱን አሟጦ ከጨረሰ በኋላ ነው እውነቱን የሚያውቀው። ሁለተኛ፣ እጥበት አይሆንም ሲባል ሕክምና አልቋል ማለት እንዳልሆነ ተማሪ። ማቅለሽለሹን፣ ማሳከኩን፣ የትንፋሽ ማጠሩን፣ ፍርሃቱን ማከም ይቻላል። ያ ወጣት ቤቱ ሄዶ ስልክ የሚደውልለት ሐኪም ቢኖረው ያ ራሱ ኔፍሮሎጂ ነው። እስቲ አሁንም ደውዪላቸው። በሕይወት ከሌለም ለእናቱ ደውዪ።

ነገሩ ባለበት እንደማይቀርም እወቂ። መስከረም 2008 ዓመተ ምሕረት በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር፣ በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደረገ። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ይህን የሚያልም ሰው እንደ ቅዠታም ይታይ ነበር። ዛሬ በዚያም በጥቁር አንበሳም ኔፍሮሎጂን አገር ውስጥ መማር ይቻላል። እኔ በነበርኩበት ዘመን መማር ማለት አገር ጥሎ መሄድ ነበር።

አሁኑኑ ወስኚ አልልሽም። ከመወሰንሽ በፊት አንድ ወር ጠይቂ፤ የኩላሊት ክፍል ባለበት ሆስፒታል፣ ተኝተው ከሚታከሙት ይልቅ የክትትል ክሊኒኩን የምታዪበት ወር ይሁን። የክትትል ክሊኒክ ውስጥ የሚመጡት በእግራቸው የሚመጡ ናቸው፤ ለስምንት ዓመት፣ ለአሥር ዓመት ክሪያቲኒናቸው ባለበት የቆመ ሰዎች። የእነሱን ካርድ ገልብጪ። አንድም ማሽን ሳይነካቸው ልጅ ያሳደጉ ናቸው። ሬዚደንት እነሱን የማያይ መሆኑ ሥልጠናችን ውስጥ ካሉት ጉድለቶች ትልቁ ይመስለኛል።

ይህን ዓምድ የሚያነቡ መምህራን ሐኪሞች ካላችሁም አንድ ቃል ልለምናችሁ። ነገ ጠዋት ራውንድ ላይ አንዲት ሬዚደንት ስለ አረፋማ ሽንት ብትጠይቃችሁ፣ መልሱን ባታውቁት እንኳ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሄደሽ ሽንቱን አይተሽ ንገሪን» በሏት። ከዚያች ጥያቄ አንድ የኩላሊት ሐኪም ሊወጣ ይችላል።

የቀረው አባትሽ ነው። በስልክ አትንገሪው፤ አጋሮ ሂጂና መጋዘኑ ውስጥ፣ ሴቶቹ ቡና ሲለቅሙ ቁጭ ብለሽ አጫውቺው። እነሱ ብልሹውን ፍሬ እየለቀሙ ይጥላሉ፤ ደህናውን ይተዋሉ። ኩላሊት ግን የሚሠራው በተገላቢጦሽ ነው በዪው። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አውጥቶ ያፈስሳል፤ ከዚያ ደህናውን ለቅሞ ለቅሞ ወደ ደም ይመልሳል። ስኳሩን፣ ጨዉን፣ ውሃውን፣ እያንዳንዱን በልኩ። የሚቀረውን አንድ ሁለት ሊትር ይጥላል። ብልሹውን ሁሉ በስሙ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ደህናውን ማወቅ ይበቃዋል። ሰውነት አይቶት የማያውቀው መርዝ ቢመጣ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከሚጣለው ጋር ይሄዳል። በአንዱ ኩላሊት ብቻ እንዲህ ያሉ ለቃሚዎች አንድ ሚሊዮን ያህል ናቸው። ከዚህም ሌላ ደም እንዲመረት ለመቅኔ ትእዛዝ የሚልከው ኩላሊት ነው፤ አጥንት የሚጠነክርበትን ቫይታሚን ዲ የሚያነቃው እሱ ነው፤ የደም ግፊትን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውም እሱ ነው። «ኩላሊት ብቻ» ያለው ይህን ሁሉ ነው።

እሱን ከነገርሽው በኋላ ስለዚያ ወጣት ንገሪው። ቤተሰቡ በሁለተኛው ወር የሸጠው የቡና መሬቱን እንደነበር አትዝለዪው። አባትሽ ቡና ነጋዴ ነው፤ ገበሬ የቡና መሬቱን የሚሸጠው ምን ሲሆን እንደሆነ ከእኔም ከአንቺም የበለጠ ያውቃል።